የከብት ደም መዥገር ወለድ ጥገኛ ተውሳኮች ቅኝት፦ ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ሥር ከመግባቱ በፊት

ቅኝቱን ስጀምር ከከብቱ ቁጥር በፊት ጥያቄውን ነበር ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት። «በሽታው አለ ወይ?»፣ «ስንት ከመቶ ተይዟል?» እና «ወረርሽኝ የሚያሰጋው የትኛውን መንጋ ነው?» ለየቅል የሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ናሙና አወሳሰዳቸውም ይለያያል። እኔ የያዝኩት ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ከሁሉም መረጃ ዕድሜ ቀደመ።

ምክንያቱ ባቤዥያ ነው፤ መዥገር የሚያስተላልፈው፣ በከብት ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተውሳክ። ጥጃ እስከ 9 ወር ገደማ ቢያዝም ብዙውን ጊዜ ሳይታመም ያልፈዋል፤ በዚያው የመከላከል አቅም ያዳብራል። ክፉኛ የሚታመመው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ አዋቂ ከብት ነው። በጥጃነታቸው አብዛኞቹ የተያዙበት መንጋ መዥገር እየወረረውም ጤናማ ይመስላል፤ ከፊሎቹ ብቻ የተያዙበት ግን በአንድ የዝናብ ወቅት ሊረግፍ ይችላል። በልማድ እንደ መለኪያ የሚያዘው 9 ወር የሞላቸው ጥጆች ከ80 በመቶ በላይ አንቲቦዲ (ተውሳኩን ለመከላከል ሰውነት የሚያመነጨው ፕሮቲን) ካላቸው መንጋው የተረጋጋ፣ ከ20 እስከ 80 ባለው ውስጥ ከሆኑ ደግሞ የሚያሰጋ መሆኑን ነው። ሁሉንም ዕድሜ ደባልቆ «45 በመቶ ተገኘ» ማለት ለማንም አይጠቅምም። የመጀመሪያው ዙር ፎርሜ ግን «ጥጃ» እና «አዋቂ» ብቻ ይል ስለነበር ውጤቱን ለዚህ ጥያቄ መጠቀም አልቻልኩም። በሁለተኛው ዙር ዕድሜን በወር ጻፍኩ፤ ለአንቲቦዲ ምርመራም ከ6 እስከ 9 ወር ያሉትን ለይቼ ወሰድኩ። ከዚያ ያነሰው ጥጃ ከእናቱ እንገር ያገኘው አንቲቦዲ ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ሳይያዝ የተያዘ ይመስላል።

ስለ ናሙና ብዛት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስርጭቱ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ሲገመት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 384 ይወጣል። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። የአንድ መንጋ ከብቶች አንድ ግጦሽና አንድ ዓይነት መዥገር ስለሚጋሩ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ከየመንጋው 10 ወስጄ ተመሳስሎውን 0.1 ብዬ ሳሰላ ቁጥሩ በ1.9 (1 + 9 × 0.1) ተባዝቶ 730 ደረሰ።

ደም ከሁለት ቦታ እወስዳለሁ። ለፒሲአር (የተውሳኩን ዲኤንኤ አባዝቶ ለሚፈልገው ምርመራ) እና ለደም ማነስ ልኬት ከአንገት ወይም ከጅራት ደም ሥር፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኤዲቲኤ ባለበት ቱቦ፤ ሌላው የደም መርጊያ መከላከያ ሄፓሪን ፒሲአርን ስለሚያግድ አልጠቀምበትም። ለስላይድ ግን ከጆሮ ጫፍ። ከባቤዥያ ዝርያዎች አንዱ፣ ባቤዥያ ቦቪስ፣ በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ከትልቁ ደም ሥር የተወሰደ ስላይድ ንጹህ መስሎ ከብቱ ሊሞት ይችላል። ከብቱ ከሞተ ደግሞ መልሱ ያለው ከአንጎሉ በሚሠራ ስሚር (ስላይድ ላይ በስሱ የተዘረጋ ናሙና) ላይ ነው።

የጆሮውን ጠጉር ላጭቼ በአልኮል እጠርጋለሁ፤ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም እጠብቃለሁ፤ እርጥብ ከሆነ ሴሎቹን ያፈነዳል። የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርጌ ሁለተኛውን፣ ትንሹን፣ ስላይድ ላይ አደርጋለሁ። መግፊያውን ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብዬ ሳላቋርጥ እገፋለሁ። ወዲያው በአየር እያወዛወዝኩ አደርቃለሁ፤ በእርጥብ አየር ቀስ ብሎ የደረቀ ስሚር ሴሉ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይፈጥራል፣ ጀማሪ አንባቢም ተውሳክ ነው ይላል። ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ እስክሪብቶን ስሚሩ እንዲጸና የሚነከርበት ሜታኖል ያጥበዋል። በማቅለሚያ እስክቀባው ድረስ በክዳን ሣጥን አኖረዋለሁ፤ ዝንብ ስሚሩን ልሶ ይጨርሰዋል። ፎርማሊን ካለበት ሣጥንም አርቀዋለሁ፤ እንፋሎቱ ብቻ አቀባቡን ያበላሻል።

ሜታኖሉ ውሃ ያልነካው መሆን አለበት፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። ማቅለሚያው ጂምሳ 1 እጅ ከ9 እጅ ባፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ፣ ፒኤች 7.2) ጋር በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ የሚቆየው 30 ደቂቃ ነው። ያደረ ብጥብጥ ዝቃጩ፣ በቀይ ሴል ውስጥ እንደሚታየው ሌላው መዥገር ወለድ ተሕዋስ እንደ አናፕላዝማ፣ ነጥብ ነጥብ ይላል። መለያው ቀላል ነው፦ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ዝቃጩ ከሴሉ በላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ተውሳኩ ግን ከሴሉ ጋር እኩል ይጠራል። አናፕላዝማ ማርጂናሌ በነገራችን ላይ ባክቴሪያ ነው፤ በቀይ ሴሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ክብ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ከጥገኛ ተውሳኮቹ ጋር ግን ሁሌም አብሮ ይመዘገባል።

ባቤዥያ ባይጄሚና ከቀይ ሴሉ ራዲየስ የሚረዝሙ፣ ጫፋቸው በጠባብ ማዕዘን የተያያዘ ጥንድ ሆኖ ይታያል። ቦቪስ ያንሳል፤ ማዕዘኑም ሰፊ ነው። ሌላውን መዥገር ወለድ ተውሳክ፣ ታይሌሪያን፣ በቀይ ሴል ውስጥ ባለው ቅርጹ ብቻ ዝርያውን መለየት ስለማይቻል «ታይሌሪያ» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ታይሌሪያ ፓርቫ ከተጠረጠረ ባበጠው ንፍፊት መርፌ አስገብቼ በነጭ ሴል ውስጥ ሺዞንት (ተውሳኩ የሚባዛበትን ቅርጽ) እፈልጋለሁ።

መዥገር ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከስላይዱ የባሰ ነው። የአንድ ጎን አካልን ብቻ ቆጥሬ በ2 አባዛለሁ፤ ጆሮ፣ ከአንገት ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ፣ ብብት፣ ግት፣ ብሽሽትና የጅራት ሥር አይዘለሉም። በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዤ ሳላጣምም እስባለሁ፤ አፉ ቆዳው ላይ ከቀረ ዝርያውን ለመለየት ያስቸግራል። መዥገሮቹን በ70 በመቶ ኤታኖል አኖራለሁ፤ ለፒሲአር የሚሆኑትን ግን ከ95 በመቶ በላይ በሆነው። መዥገር ውስጥ የባቤዥያ ዲኤንኤ ስለተገኘ ያ መዥገር ያስተላልፋል ማለት አይደለም፤ አሁን የጠጣው የከብቱ ደም ሊሆን ይችላል። ሪፖርቴ ላይ «ዲኤንኤ ተገኝቶበታል» እላለሁ እንጂ «አስተላላፊ ነው» አልልም።

መጨረሻ የተጨመረው የፎርሙ ረድፍ የመዥገር መድኃኒት መቼ እንደተረጨ የሚጠይቀው ነው። ባለፈው ሳምንት የተረጨ መንጋ ላይ ዜሮ መዥገር ሲቆጠር ዜሮው ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ ግጦሹ አይናገርም። ከስላይዶቹ 10 በመቶውን ደግሞ ቁጥራቸው በፕላስተር ተሸፍኖ ለሁለተኛ አንባቢ እሰጣለሁ፤ ሁለታችን ያልተስማማንባቸው በፒሲአር ይታያሉ።