በድንቅነሽ ፊት ሦስት ኤክስ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሜ ከነአባቴ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ተቀምጧል። ከላይ «ረባሾች» የሚል ርዕስ አለው። የሰባተኛ ክፍል ነው። ተራ ቁጥሬ አራት። ከስሜ ፊት ሦስት ኤክስ ተደርድሯል። ከእኔ የበለጠ ኤክስ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኬጂ ጀምሮ የታወቀ ነው አሉ።

ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትዝ ይለኛል። ባለፈው ቢሮ ውስጥ አለቃችን ስብሰባ ላይ ስም መጥራት ሲጀምር ልቤ ቀጥ አለች።

ጣጣው የመጣው ከዓመት ፈቃድ ነው። ካልወሰድከው ይቃጠላል ተባልኩ። ጓደኞቼ ሥራ ላይ ናቸው። ክፍለ ሀገር እንዳልሄድ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ አንዷን ረቡዕ ለብቻዬ ይዤ፣ ተወልጄ ያደግኩበትን ከተማ እንደ እንግዳ ልዙረው አልኩ። ሰው ከአውስትራሊያ ድረስ ከፍሎ መጥቶ የሚያየውን ነገር እኔ ዕድሜ ልኬን በታክሲ መስኮት ነው ያለፍኩት። ያውም መስኮት አጠገብ ቦታ ሲገኝ።

ግን ይሄ ከተማ ብቻውን የሚዞር ሰው አያምንም። ለቅሶ ብቻህን ብትሄድ ይገባቸዋል። ሐኪም ቤትም እሺ። ለመዝናናት ብቻህን ከወጣህ ግን ወይ ተጣልተሃል፣ ወይ ታመሃል፣ ወይ ሌባ ነህ።

መጀመሪያ ለገሃር ወረድኩ፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋ ፎቶ ልነሳ። አንድ መንገደኛ አስቁሜ ስልኬን ሰጠሁት። «ብቻህን ነህ?» አለኝ። አዎ። «ሰው አልመጣልህም?» አይ፣ የምጠብቀው ሰው የለም። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ አነሳኝ። በኋላ ሳየው እኔ አለሁ፣ የሐውልቱ መቆሚያ አለ፣ ጣቱ አለ፤ አንበሳው ግን ከወገቡ በላይ የለም። ይሄ አንበሳ በወረራው ጊዜ ሮም ድረስ ተወስዶ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የተመለሰ ነው። ጣሊያን እንኳን ሲወስደው ሙሉውን ነው የወሰደው።

ከዚያ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። በሩ ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ «ስንት ናችሁ?» አለ። አንድ ነኝ አልኩት። ከኋላዬ ተመለከተ። ማንም የለም። ቦርሳዬን ሁለተኛ ፈተሸው።

ውስጥ ስገባ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋን አለ። ብዙ ሰው ቅርጻ ቅርጹን ያደንቃል። እኔ አጭር ነኝ። አጭር ሰው ትልቅ ወንበር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ እግሩ ነው። ጃንሆይም እንደሚታወቀው ረጅም አልነበሩም። ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ስሜታቸውን ተካፈልኩ።

ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤት ነው። አንዷ መስታወት ውስጥ ተጋድማለች፤ ሌላዋ ሙሉ ሰውነቷ ተሠርቶ ቆማለች። ኅዳር 1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጥንቷ አርባ በመቶ ያህሉ ነው የተገኘው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተኝታ አርባ በመቶ ከተረፈች ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ከዚያ ያነሰ ነው የምተርፈው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ልጅ ሆና እንዳይመስላችሁ፣ ያደገች ሴት ናት። ቁልቁል የማየው አዋቂ ሰው አግኝቼ ስለማላውቅ ቶሎ ልለያት አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድንቅነሽ በ1999 ክረምት አሜሪካ ሄዳ፣ ሂውስተን ላይ ታይታ፣ የተመለሰችው በ2005 ነው። ወደ ስድስት ዓመት ገደማ! እኔ ዲቪ መሙላት ስጀምር ፎቶዬ ላይ ፀጉር ነበረኝ። አሁን የለኝም። እሷ ፎርም አልሞላችም፤ ስፖንሰር አላስፈለጋትም፤ «ትመለሻለሽ ወይ» ብሎ የጠየቃት የለም። ደግሞ ተመለሰች! ከሰፈራችን የሄደ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ደረጃው በጫማ ድምፅ የተሞላው።

የትምህርት ቤት ጉብኝት ነው። ወይን ጠጅ ሹራብ የለበሱ ልጆች ግር ብለው ወረዱ። እኔ ደግሞ አክስቴ ለገና የሰጠችኝን ሹራብ ለብሻለሁ። ወይን ጠጅ ነው። ቦርሳ አዝያለሁ። ቁመቴን ተናግሬያለሁ። ብርሃኑም ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ከኋላዬ «አንተ! ቦርሳ ያዘልከው! ሰልፍ ያዝ!» የሚል የመምህርት ድምፅ ሲመጣ ጥፋቱን በሙሉ በእሷ ላይ መጣል ይከብዳል።

የሚያናድደኝ ሰልፍ መያዜ ነው። እግሬ ራሱ ሄደ። ሁለት ልጆች መሃል ገባሁ። ዲግሪ አለኝ፣ ዕቁብ ሰብሳቢ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት ሚዜ ሆኛለሁ። «ሰልፍ ያዝ» ሲባል ግን ይሄ ሁሉ ጠፋ። እጄን ዘርግቼ ርቀት ልጠብቅ ምንም አልቀረኝም።

ልጆቹ መስታወቱን ከበው ይንሾካሾካሉ። አንዱ ዞሮ «እውነተኛዋ ናት?» አለኝ። ሰው ሲጠይቅህ ትመልሳለህ። «ቅጂ ናት፤ ዋናው አጥንት እዚሁ ሙዚየም ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው» አልኩት፣ ዝግ ብዬ። ልጁ ግን ዝግ አላለም። «ሚስ! ፌክ ናት እያለ ነው!» አለ። ምድር ቤቱ ተናወጠ። «ብራችንን ይመልሱ!» ያለም ነበር።

«ማነው የሚያወራው? አለቃ፣ ጻፊልኝ!» አለች ሚስ።

አለቃዋ መጣች። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ የማይንቀሳቀስ ፊት። ቀና ብላ አየችኝ። ማለቴ ትንሽ ነው ቀና ያለችው።

«ጋሼ፣ ስምህ ማነው?»

ልብ በሉ። ከኋላ ተማሪ ነኝ፣ ከፊት ጋሼ ነኝ። የሁለቱንም መጥፎ መጥፎውን ነው የወሰድኩት።

«እኔኮ ተማሪ አይደለሁም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሚስ ያወራ ሁሉ ይጻፍ ብላለች።»

ከዚህ ወዲያ ምን ትላለህ? ሕጉ ግልጽ ነው። ስሜን ነገርኳት። የአባት ስም ስትል እሱንም ነገርኳት። ሌላ ስም መናገር ይቻል እንደነበር የገባኝ ሌሊት ነው። እኛን ቀበሌ ነው ያሳደገን፤ ስም ስንጠየቅ አያት ድረስ ካልሄድን ያመለጥን አይመስለንም።

ሁለተኛዋን ኤክስ ያመጣችብኝ ሰላም ናት። ዲኪካ የተገኘችው የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኛት። አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ «የድንቅነሽ ልጅ ናት አይደል?» አለች። ዝም ልል ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው። ግን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከድንቅነሽ መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። «ልጇ እንኳን ልትሆን አትችልም፣ ትበልጣታለች» አልኩ። «ሕፃኗ እናቷን ትበልጣለች?» ሲል ያ ከኬጂ ጀምሮ የታወቀው ልጅ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ። ቀይ እስክሪብቶው ሁለቴ ጫር ጫር አለ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእኔ።

ሦስተኛዋ ስልኬ ናት። እናቴ። ቤት ውስጥ ሳለሁ የማትደውለው እናቴ። ድምፁን ለማጥፋት ስታገል ይባስ ስፒከር ከፈትኩት። «ምሳ በላህ ወይ?» የሚለው ጥያቄዋ በቅሪተ አካላቱ መካከል አስተጋባ።

አሁን ሚስ ራሷ መጣች። ፊቴን አየች። ደነገጠች። «ውይ! በጣም ይቅርታ ወንድሜ፣ ከኋላ ሳይህ…» አለች። አልጨረሰችውም፤ እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም። ይሄ በቂ ነበር። ይቅርታ፣ ችግር የለም፣ ቻው። እሷ ግን ቀጠለች። «ቢሆንም ግን ልጆቹን እየረበሽክብን ነው።»

ቢሆንም ግን! ምኑ ነው ቢሆንም ግን?

አለቃዋን ጎን ለጎን እየሄድኩ ስሜን እንድታጠፋልኝ ለመንኳት። በቀይ ነው አይጠፋም አለች። ገጹን ቅደጂው አልኩ። ደብተሩ ገጹ ተቆጥሮ ነው የሚረከበው አለች። (ይቺን ልጅ ወይ ኦዲተር ያደርጓታል፣ ወይ ሚኒስትር።) ሦስት ኤክስ ምን ማለት ነው አልኳት። አንድ ኤክስ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለት ኤክስ ግቢ መጥረግ፣ ሦስት ኤክስ ወላጅ ማምጣት።

ወላጅ አምጣ! እኔ ይሄን ነገር ያቆምኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ምስሉ ከዓይኔ አይጠፋም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። እኔ ቆሜያለሁ፤ ወንበር አልሰጡኝም። ዩኒት ሊደሩ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ደብተሩን ይገልጣል። «ልጅዎ ስለ ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ተናግሯል» ይላል። እናቴ ለእኔ ትከራከራለች ብላችሁ ታስባላችሁ? እናቴ በሕይወቷ ከመምህር ተቃራኒ ቆማ አታውቅም። «እኔንም አስቸግሮኛል፤ ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ነው የምትለው። ከዚያ ትፈርማለች። ከዚያ ነገሩ ከሹራቡ እንዳልሆነ፣ ከድሮም ጠባዬ መሆኑን ታጫውታቸዋለች። ሻይ ይመጣላቸዋል። ለእኔ አይመጣም።

ምሳ በያይነቱ ልበላ አንድ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ «ሰው እየጠበቅክ ነው?» አይ። «ይመጣል?» አይመጣም። «እሺ ሲመጣ ትታዘዛለህ» ብላ ሄደች። አገር ምድሩ «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እያለ ነው ያደገው፤ ማንም ፊቱ ሞቼ ሒሳብ እንዳላበላሽበት ይፈራል። በመጨረሻ ሰዓቷን ለማትረፍ ብላ መሰለኝ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ከማዶ ያለውን ምስር እሱ ጨረሰው። ሒሳቡን እኔ።

ከሰዓት ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል። እኔ በተለይ መታጠቢያ ቤቱን ነበር የፈለግኩት። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ቀን የሚያገለግል መታጠቢያ ቤት ለእኔ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ሹራቤን አዩት። «ከትምህርት ቤቱ ጋር ነህ አይደል?» አሉኝ። «ልጆቹ ገብተዋል። ሮጥ በል፣ መምህሯ ቆጣ ያለች ናት።»

ከሩቅ አየኋቸው። ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው ወደ ላይ የሚጠመዘዝ ደረጃ ላይ ናቸው። ፋሽስቶች እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የሥልጣን ዓመታቸው ብለው ሠርተውት፣ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ነው። አለቃዋ ሥሩ ቆማለች። ደብተሩ በብብቷ። አየችኝ መሰለኝ፤ እስክሪብቶው ከጆሮዋ ላይ ወረደ።

ዞሬ ወጣሁ። መታጠቢያ ቤቱ እንደቀረ ቀረ።

ማታ እናቴ እንደገና ደወለች። ምሳ ጉዳይ ሳይቋጭ ስለቀረ። ምን ይደበቃል፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሹራቡን፣ ደብተሩን፣ ሦስቱን ኤክስ። በጥሞና ሰማችኝ። አልሳቀችም።

«ታዲያ መቼ ነው የምመጣው?» አለች።

«የትም አትመጪም እማዬ። እኔኮ ተማሪ አይደለሁም።»

«እሺ።» ትንሽ ዝም አለች። «ለመሆኑ ድንቅነሽን አየሃት?»

«አየኋት።»

«አጭር ናት ይላሉ።»

«አዎ፣ አጭር ናት።»

«ካንተም?»