ኢላማውን የነሱኝ አሰልጣኝ

ቀስት ውርወራ የጀመርኩት እዚህ ቨርጂኒያ ነው። ብርዱ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የጀማሪዎች ትምህርት አገኘሁና ተመዘገብኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። "ሰው ጂም ይገባል፤ አንተ ጫካ ልትገባ ነው እንዴ?" አሉኝ።

አሰልጣኛችን ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ቀስት ከማስያዛቸው በፊት ዓይናችንን ፈተሹ። ሁለት መዳፍህን ወደፊት ዘርግተህ በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ትተዋለህ። በቀዳዳዋ ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት፣ ታያለህ። ከዚያ ዓይንህን በየተራ ትጨፍናለህ። በየትኛው ዓይን ስታይ ነው ሰዓቱ ቦታው ላይ የሚቆየው? አውራው ዓይን እሱ ነው። እኔ የምጽፈውም የምጎርሰውም በቀኜ ነው፤ አውራ ዓይኔ ግን ግራው ሆነ። ስለዚህ የግራኝ ቀስት ሰጡኝ፤ በቀኝ ይዤ በግራ የምስበው። መጀመሪያ ላይ እጆቼ የተዋስኳቸው መሰሉኝ። በኋላ ግን ጠቀመኝ፤ ግራ እጄ ከዚህ በፊት ምንም ስላልለመደ የሚረሳው ክፉ ልማድ አልነበረውም።

ቀስቴ 20 ፓውንድ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ጣት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 9 ኪሎ ማለት ነው። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ "ይሄማ የልጅ ነው" ብሎ 40 ፓውንድ ጠየቀ። "እስቲ ሳበው፤ ግን ያለ ፍላጻ ገመዱን እንዳትለቅ" አሉት። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት ተመልሶ የቀስቱን ክንፎች፣ ከእጀታው በላይና በታች የሚታጠፉትን ክፍሎች፣ ሊሰነጥቅ ይችላል። ልጁ ሳበ። ትከሻው ጆሮው ጋ ደረሰ፣ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብሎ መለሰና ያለምንም ክርክር 20ውን ተቀበለ።

ከዚያ ኢላማውን ነሱን። ፍላጻው ከሚሰካበት ፍራሽ ጥቂት እርምጃ ላይ አቆሙን፤ ፍራሹ ላይ ወረቀት የለም፣ ክብ የለም። "ወረቀቱስ?" ብላቸው "ለምንህ?" አሉኝ። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ኢላማ ካለ ዓይን ከፍላጻው ጋር አብሮ ይሮጣል፤ ሰውነት ምን እየሠራ እንደሆነ የሚከታተል የለም። አንዳንዴ ዓይን ጨፍነን ሁሉ እንድንለቅ ያደርጉን ነበር። ያን ያህል ቅርብ ሆነህ ፍራሹን መሳት አትችልም።

በዚያ ጊዜ ነው የያዣ እጄን ያወቅኩት። ቀስት አይጨበጥም። በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ላይ ይደገፋል፤ ሌሎቹ ጣቶች ዘና ይላሉ። ቀስቱ ሲለቀቅ ወደፊት ይዘላል፤ ከጣት ጋር የታሰረች ማሰሪያ ትይዘዋለች። ክርንህን ትንሽ ካላዞርክ ደግሞ ገመዱ ክንድህን ይገርፍሃል፤ አንዴ ከገረፈህ ሁለተኛ አትረሳውም።

የሚስበው እጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። የእኔ ጠቋሚ ጣት መንጋጋዬ ሥር ይገባል፣ ገመዱ አገጬንና የአፍንጫዬን ጫፍ ይነካል። ሦስቱም ካልተነኩ ቀስ ብዬ መልሼ እንደገና እጀምራለሁ። የሚስበው ክንድ ብቻ እንዳይሆን ከኋላ ያሉትን ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች እርስ በርስ ማቀራረብ ነው። ሲለቀቅም ጣት አይከፈትም፤ ዝም ብሎ ይላላል፣ ገመዱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። በትክክል ሲሆን እጅ አንገትን እየታከከ ወደ ጆሮ ሥር ይሸሻል። ይህቺን ነገር ለማግኘት ነው ብዙ ወራት የፈጀሁት።

ጥቃቅኑ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ በሒሳብ ላሳያችሁ። ኦሎምፒክ ላይ ርቀቱ 70 ሜትር፣ ኢላማው 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው። ግማሽ ዲግሪ ብቻ ከተዛባህ ፍላጻው ከመሃል 61 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ያ ማለት የኢላማው ጠርዝ ነው። በ2024 የፓሪስ የወንዶች ፍጻሜ ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን በመለያው ሁለቱም 10 መቱ፤ የመሃሉን ክብ ማለት ነው። ኪም ያሸነፈው ፍላጻው በ4.9 ሚሊ ሜትር ለመሃል ስለቀረበ ነው።

ወረቀቱ ሲመለስልን 18 ሜትር ላይ ነበርን። ፍላጻዎቼ ወደ ግራ ዝቅ ብለው ተጠጋግተው ተሰኩ። አሰልጣኟ ደስ አላቸው! መሃል ላይ አንድ፣ ጠርዝ ላይ ሁለት ከመበታተን፣ የትም ይሁን አንድ ላይ መሰብሰብ ይሻላል። የተሰበሰበውን ወደ መሃል ማምጣት የማነጣጠሪያው ሥራ ነው። ፍላጻው በሄደበት አቅጣጫ ማነጣጠሪያዋን ትንሽ ትገፋታለህ፤ በቃ።

ስለ ደህንነት ፊሽካውን ማክበር ነው፦ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመሩ፣ አንዴ ሲነፋ መልቀቅ፣ ሦስቴ ሲነፋ ፍላጻ መልቀም። ስትነቅል ከኋላህ ሰው መኖሩን እይ፤ የፍላጻ ጭራ ዓይን ያጠፋል።

የራሱን ቀስት ለመግዛት የቸኮለ ካለ ምክሬ ክንፎቹ የሚነቀሉበትን ዓይነት ይግዛ። ጉልበት ሲጨምር ክንፎቹን ብቻ ይቀይራል፤ መሃለኛው እጀታ ይቆያል። ፍላጻ ከመግዛቱ በፊት ግን ገመዱን እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚስብ ያስለካ። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ቀስቱ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ወደ ኋላ ይወድቅና እጅ ላይ ሊሰካ ይችላል።