«አይወድም» እና «አይወድም ነበር»

የጨመርኩት አንዲት ቃል ናት፤ «ነበር»። ግን 19 ቦታ ላይ ጨመርኳት።

ከቃሊቲ አልፎ ገላን መንገድ ላይ ባለ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ያረምኩት ልቦለድ ስለ ሩዋንዳ ነው። ደራሲዋ ኪጋሊ ለዓመታት የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ተራኪዋ እናት ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ሚያዝያ ላይ የ6 ዓመት ልጇ ከእጇ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አታውቅም። የቱትሲዎች ጭፍጨፋ 100 ቀን ያህል ነው የቆየው። መጽሐፉ ላይ ደግሞ ገና ገጽ 70 ላይ ያልቃል። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው።

እናትየው ስለ ልጇ ስታወራ «ልጄ ወተት አይወድም» ትላለች። «ሲተኛ ጆሮውን ይይዛል» ትላለች። ዙሪያውን ያለው አንቀጽ ግን በሙሉ በኃላፊ ጊዜ ነው። ልጁ እንደሞተ አንባቢው ገብቶታል። ለአራሚ ዓይን ይሄ የጊዜ መፋለስ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። «አይወድም ነበር»። «ይይዝ ነበር»። ለደራሲዋ አልደወልኩም። የማተሚያው ፕሌት የሚወጣው በማግስቱ ነበር፤ ቸኮልኩ።

መምህርቷ የመጡት 3 ፎርም፣ ማለትም በአንድ ትልቅ ወረቀት አብረው የሚታተሙ ገጾች፣ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስተው ቆመው አነበቡ። ቀለሙ ገና ይሸታል። መነጽራቸውን አወለቁና ዞር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ያረምሽው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ይቺን ‹ነበር› ለምን ጨመርሽ?»

«ልጁ ሞቷል ብዬ ነው። ጊዜው ስለተፋለሰ…»

«መሞቱን ማን ነገራት?»

ዝም አልኩ።

«እኔና አንቺ እናውቃለን፣ የኔ ልጅ። እሷ ግን ሬሳ አላየችም። አልቀበረችም። ስለዚህ ልጇ ወተት አይወድም። እስከ ምዕራፍ 9 ድረስ አይወድም። ምዕራፍ 9ን አላነበብሽውም?»

አንብቤዋለሁ። ግን ፊደል እየለቀምኩ ነው ያነበብኩት።

ምዕራፍ 9 ላይ እናትየው ጋቻቻ ተቀምጣለች። ጋቻቻ የጭፍጨፋው ተከሳሾች የሚዳኙበት የሰፈር ሸንጎ ነበር፤ ስሙም ከሣር የመጣ ነው። በመላው ሩዋንዳ 12,000 ያህል ነበሩ፤ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጥፋቱን ያመነ ሰው ቅጣት ይቀልለት ነበር። ሲያምን ደግሞ ሬሳውን የት እንደጣለ መናገር ነበረበት። ብዙ እናቶችና ሚስቶች እዚያ ሣር ላይ የተቀመጡት ፍርድ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። አጥንት ፍለጋም ጭምር ነው። በልቦለዱ ውስጥ አንድ የድሮ ጎረቤት ተነስቶ ጉድጓዱን ይጠቁማል። ይቆፈራል። እናትየው ትቀብራለች። ከቀብር ስትመለስ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ልጄ ወተት አይወድም ነበር» ትላለች።

መጽሐፉ የተጻፈው ለዚያች አንዲት «ነበር» ነው። እኔ አስቀድሜ 19 ቦታ በተንኳት።

ኃላፊያችን ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። «ሰው ልብ አይለውም» አለ። «ልቦለድ አይደል እንዴ? ያውም የሩዋንዳ።» ይሄ አነጋገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ያቺ ሴት የሩዋንዳ ስለሆነች ልጇ ትንሽ ነው የሞተው? ወረቀቱ ከደመወዜ ይቆረጥ ብዬ ፈረምኩ። 3ቱም ፎርም እንደገና ታተመ። በ4 ወር ተቆርጦ አለቀ፤ ለአንድ ቀን እንኳ አልቆጨኝም።

ያን ቀን ከሰዓት መምህርቷ ሻይ ጋበዙኝ። ስለ ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ ያወሩኝ ያኔ ነው። ሩዋንዳዊት ደራሲ ናት። እናቷ ስቴፋኒያ ለሴት ልጆቿ አንድ አደራ ነበራት፤ ስትሞት ገላዋን በጨርቅ እንዲሸፍኑላት፣ የእናት ሬሳ እንዳይታይ። እናቷ ስትገደል ሙካሶንጋ ፈረንሳይ ነበረች። የምትሸፍነው ሬሳ አላገኘችም። በጨርቁ ፈንታ እ.ኤ.አ. በ2008 መጽሐፍ ጻፈችላት። ወደ ልቦለድ የተሻገረችው ከዚያ በኋላ ነው። መምህርቷ ይህን ሲነግሩኝ ነጠላቸውን በጣታቸው ጫፍ ጫፉን ይዳስሱ ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ሩዋንዳ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ከቤት ተወሰደ። ሬሳው አልተገኘም። ያኔ እናት ለልጇ ማልቀስ እንኳ ክልክል ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ አያቴ በሕይወት ነበረች። ሬዲዮኑ አጠገብ ቡና እያፈላች ነበር። ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ ምንም ሳትናገር መቅዳት ጀመረች። እንደ ሁልጊዜው አንዱን ሲኒ ያለ ስኳር ለብቻው አስቀመጠች።

«እሱ ስኳር አይወድም» አለች።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስትል የሰማሁት ነው። ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው አርሟት አያውቅም።