ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አባባን ጠይቁ

2017 ዓ.ም. ሲገባ እኛ ቤት አራት ጉዳይ ተደራርቦ ነበር። እህቴ ልትወልድ ነው። ዲያቆኑ ወንድሜ ሊያገባ ነው። የመጨረሻዋ እህታችን ልትመረቅ ነው። የእናቴ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ወር መርጦ ህዳር ላይ ወድቋል። አምስተኛውን ማንም አላሰበውም።

ዘጠኝ ልጆች ነን። የልጅ ልጆች ሲጨመሩ ሠላሳ እንጠጋለን። አባታችን መሪጌታ ናቸው። አንድ ወንድማችን ቨርጂኒያ፣ አንዷ እህታችን ዱባይ ናት። የቀረነው አዲስ አበባ ውስጥ ተበትነናል፤ ድግስ ሲኖር ግን ሁላችንም ጉለሌ፣ ያቺው አሮጌ ግቢ ውስጥ ነን። እኔ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ነኝ። ሌላ ቦታ ሥራ አስኪያጅ የሚሉት ማለት ነው፤ ደሞዝ የለውም እንጂ።

ባንክ ነው የምሠራው። እናም መስከረም መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ኤክሴል ላይ አወጣሁት። ማን ምን ይገዛል፣ ማን ስንት ያዋጣል፣ ሁሉም በየቀለሙ። በቤተሰቡ ቴሌግራም ላክሁት። ሁሉም አውራ ጣት አደረገልኝ። ከፍቶ ያየው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሦስተኛው ወንድሜና የሙሽራዋ ወንድም ፊታቸው በርቶ መጡ። አዳራሽ ተገኝቷል። የካቲት 23፣ እሑድ። 40 ሺህ ብር ቀብድ ተከፍሏል። ሙሽራው ዲያቆን ሆኖ እንዴት ዝም አለ ትሉ ይሆናል። አልጠየቁትም። ሊያስደስቱት ነበር።

በዚያው አምና፣ በ2016፣ ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር። ሰው የካቲትን ሲያገባ ነው የከረመው። እነሱም በአምናው ልማድ ሄዱ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰሙ። አልተቆጡም። እስክሪብቶ ጠየቁና አንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመሩ። የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው፤ መጥቅዕ የዓመቱ መነሻ ቁጥር፣ ተውሳክ ደግሞ ለየዕለቱ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር ነው።

«የዘንድሮ መጥቅዕ 29 ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4። ሠላሳ ሦስት ሆነ። ሠላሳውን ግደፍ፣ ሦስት ይቀራል። ነነዌ የካቲት 3። አሥራ አራት ጨምር። የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ይገባል።»

ከዚያ ቀና አሉና «ታዲያ ልጄን በቅድስት ሰንበት ነው የምትድሩልኝ?» አሉ።

ወንድሜ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ ካላንደር ተሰቅሏል። የአጽዋማቱ ቀን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስሌቱን ማወቅ አይጠበቅብንም ነበር፤ ቀና ብሎ ማንበብ ይበቃ ነበር። አዳራሹ ቀብዱን አልመልስም ብሎ ሦስት ሳምንት ካመላለሰን በኋላ ግማሹን ሰጠን። ሰርጉ ወደ ጥር 18 መጣ። ያ 20 ሺህ ብር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን ለቤታችን ትልቁን ትምህርት የገዛነው በእሱ ነው መሰለኝ።

ኤክሴሉን ተውኩት። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዛሁና አባባ ወንበር አጠገብ በገመድ አሰርኩት። የመጀመሪያውን ገጽ እሳቸው ጻፉት። ጾመ ነቢያት ህዳር 15፣ ነነዌ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ጾመ ሐዋርያት ሰኔ 2፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1። የእኛ ጉዳይ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፣ በተረፈው ቦታ። ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ ድግስ የለም ተባለ። ስልክ የማይነኩት አክስቶቼ ሳይቀሩ እየመጡ ያነቡት ጀመር። ለካ ቤተሰብ በቴሌግራም አይመራም። ቢያንስ የእኛ አይመራም።

ማኅበሩን በአጭሩ ልለፈው። ህዳር ሚካኤል ስለሆነ ከማኅበርተኛው ሌላ የሰማ ሁሉ መጣ፤ ዳቦው አልቆ ከጎረቤት ተበደርን። እናቴ ግን በዚያ ቀን ማንንም አታስጠጋም። ጽዋው ለተረኛዋ ከተላለፈ በኋላ ነው ፊቷ የተፈታው።

እህቴ የወለደችው መስከረም 21፣ የብዙኃን ማርያም ዕለት ነው። ሴት ልጅ። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነው የሚባለው እልልታ፣ አያታችን ስትቆጥር ተሳስቻለሁ ብላ ሰባት አደረሰችው። አልተሳሳተችም። ሰማንያው ቀን ሲቆጠር ታህሳስ 10 ሐሙስ ላይ አረፈ። ጾመ ነቢያት መሐል!

እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። የልጅቷ አባት ቤተሰቦች የክርስትናው ጸሎት በቀኑ ይሁንና ድግሱ ከገና በኋላ ይደረግ አሉ። ዶሮ የሌለበት ክርስትና ምን ይባላል ነው ነገሩ። አንዱ አጎታቸው ዓሣስ አለ። አባባ ዝም ብለው ስላዩት ዓሣው ያኔውኑ ተነሳ። እህቴ ግን ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። እሷም ቤተ ክርስቲያን ከገባች ሰማንያ ቀኗ ነው። «ከልጄ ጋር የምገባበት ቀን ይኸው ነው፤ የዚያን ቀን ነው የምደሰተው» አለች።

የጾም ድግስ ደግሰን አናውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር የጾም ምግብ ለእንግዳ የማይቀርብ፣ የችግር ምግብ አድርጌ ነበር የማስበው። አክስቴ ግን አደራውን ወሰደች። ስልጆውን ከቀናት በፊት ጣለችው። ምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ የተቀመመ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ። ድፎው በኮባ ተጋገረ። ሕፃኗ በንጋት ተጠመቀች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ቆረበች። ማተቧን ያሰረችላት የክርስትና እናቷ ከእሷ በላይ አለቀሰች። ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። ቅዳሴ ሲያልቅ 150 ሰው ግቢያችን ገባ።

አያታችንን እምዬ ነው የምንላት። ዕድሜዋን 88 እንላለን፤ በጣሊያን ጊዜ የተወለድኩ ነኝ ትል ስለነበር የገመትነው ነው። ያን ቀን ስልጆውን በእንጀራ እያጠቀሰች ሁለቴ አስጨመረች። ሰናፍጩ አፍንጫዋ ድረስ ወጥቶ እንባዋን አወረደው። እያበሰች «የእኔንም እንዲህ አድርጉልኝ» አለች። ሳቅን። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

ሰርጉ ሌላ ዓለም ነበር። ወንድሜ ወደ ቅስና የሚሄድ ስለሆነ ጋብቻው በተክሊል ነው። ወጪውን የሸፈንነው ከሦስት ቦታ ነው። የእኔ ዕቁብ ነበረ፤ የታህሳሱ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለወጠኝ። ከቨርጂኒያና ከዱባይ ተላከ። የቀረውን እዚህ ያለነው አዋጣን። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ከእድሩ መጣ፤ ሁለተኛ አዳራሽ ደፍሮ የጠየቀ የለም። በሬው 140 ሺህ ብር ወጣበት። 300 ሰው ጠርተን ከ400 በላይ መጣ። የጥሪ ካርዱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» የሚለውን ያስገባው ማን እንደሆነ ዛሬም አልተገኘም።

ጥፋቴን የምናገረው እዚህ ነው። እንጀራ የምትቀበለው እኔ፣ በሬ አራጁን የምታናግረው እኔ፣ የድንኳኑ ቁልፍ እኔ ጋ፣ ገንዘቡ እኔ ጋ። ለሌላው ሰጥቼ ቢበላሽስ ብዬ ፈራሁ። እሑድ ጥር 18 ንጋት ላይ ወንድሜ ካባ ለብሶ መቅደስ ፊት ቆሟል፤ እኔ እቤት በር ላይ ቆሜ እንጀራ እቆጥራለሁ። አክሊሉ ራሳቸው ላይ ሲደፋ አላየሁም። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ፣ በእሱ ሰዓት ቅዳሜ ማታ፣ በስልክ ሲያስተላልፉለት አይቷል። ከሰዓት በኋላ ደውሎ «አየሽ እንዴት እንዳማረባቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እንጀራው ደግሞ ተርፎ ነበር።

እምዬ ሰርጉን በነጠላዋ ተሸፍና ከዳር እስከ ዳር ተቀምጣ አየች። የካቲት 20፣ በዘወረደ ሳምንት፣ ሐሙስ ሌሊት አረፈች። አልታመመችም። ማታ ለጸሎት ተነስታ ነው የተኛችው።

ከሞቱ ይልቅ የጎዳን መርዶው ነው። ዱባይ ያለችው እህቴን እምዬ ናት ያሳደገቻት። እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሰዎች ነበሩ፤ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ሄደው እንዲነግሯት ተነጋገርን። አንድ የወንድሜ ልጅ ግን፣ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ በቤተሰቡ ቴሌግራም «ነፍሷን ይማር» ብሎ ጻፈ። በፍቅር ነው የጻፈው። እህቴ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን አነበበችው። ሹፌሩ አቁሞ ውኃ እንደሰጣት በኋላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ አለ። ርእሱ «መርዶ» ነው። ውጭ ላለ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ የሚነግረው ሰው ስምና ስልክ ተጽፏል። ያ ሰው ነገርኩ ብሎ እስኪደውል ማንም ፊደል አይነካም። ይህን ገጽ መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ሰው በጤናው እያለ ካልተጻፈ በዚያ ሌሊት አይታሰብም።

አርባዋ መጋቢት 29፣ ሰኞ ላይ ዋለ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ሲል። ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችን ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። ለእሷ በሬ ሳይወድቅ? የልጅ ልጇን በበሬ ድራችሁ እሷን በሽሮ? ሐሜቱን እኔም ፈርቼ ነበር። አባባ ፍትሐቱም ቅዳሴውም በቀኑ ነው አሉ፤ ስለ ምግቡ ግን አልተናገሩም። የተናገረችው አክስቴ ናት። ታህሳስ ላይ ስልጆው ፊት የተባለውን አስታወሰችን። ግቢው ጸጥ አለ። አንዷ የገጠር ዘመዳችን «እሷ ካለች ምን ይደረጋል» ብላ ነጠላዋን አዞረች።

በዚያ ቀን ደብተሩን ለአራተኛው ወንድሜ ሰጠሁት። እንጀራውን ሚስቱ ተቀበለች። ወጡ የአክስቴ ነው። ካህናቱን ሙሽራው አስተናገደ። ከዱባይ የመጣችው እህቴና እኔ ጧፍ ይዘን ከሌሊቱ ጀምሮ ፍትሐቱን ቆምን። የሆነ ሰዓት ላይ ሽሮው ትንሽ አረረ አሉ። እኔ አልሰማሁም። ለበሬ የታሰበው ገንዘብ እምዬ ለምትሳለምበት ደብር የቆሎ ተማሪዎች ቀለብ ሄደ። ከገጠር የመጡት ሲሸኙ ስልጆ በብልቃጥ ቋጥሩልን አሉ። እውነት ለመናገር ስለ ሰርጉ ጥሬ ሥጋ የሚያወራ ሰው ዛሬ አላገኝም፤ ስለ ስልጆው ግን ይደውሉልኛል።

ሰማንያዋ ግንቦት 9 ነበር፣ በዓለ ሃምሳ ውስጥ። የሚበላው ሁሉ ይፈቀድ ነበር። እኛ ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ዳቦና ጠላ ይዘን፣ በዚያው ጨረስን።

ምረቃው ሰኔ ላይ ጾም ውስጥ ነበር። አሁን ማንም አልተጨቃጨቀም። የጾም ኬክ ታዘዘ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። እናቴ «ይኸው ነው?» አለች። ይኸው ነበር።

ጳጉሜን ላይ አዲስ ደብተር ገዛሁ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ ጻፉ። የ2018 መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ይውላል፣ የእሑድ ተውሳክ 7። ሃያ አምስት። ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከትከሻቸው በላይ አጎንብሳ የምታየው ትንሿ እህቴ ነበረች። ተመራቂዋ። ጣቷን ጥር ላይ አሳረፈች።

«ጥር 17 እሑድ ነው፣ አይደል አባባ?»

እሑድ ነው አሉ። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። ሰው እንዳላት ማናችንም አናውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እናቴ ናት።

«ቀብድ ከፍለሻል እንዴ?»