የሥራ ጉዞ ቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ይረዝማል

ለሥራ ቶሎ ቶሎ ውጭ አገር ስትመላለስ ሰው የሚልህ ነገር ያው ነው፣ "ምን አለብህ አንተ፣ ዓለምን በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ትዞራለህ"። ተጓዡን ራሱን ብትጠይቀው ደሞ "በቃኝ፣ ሻንጣ ማየት አልፈልግም" ይልሃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የኔ ሥራ ከማሽን አምራቾች ጋር ነው፣ ፋብሪካቸው ድረስ ሄጄ አያለሁ፣ እደራደራለሁ፣ ተመልሼ ሪፖርት ጽፌ ለቀጣዩ ጉዞ የቪዛ ወረቀት መሰብሰብ እጀምራለሁ፣ እና በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ያለኝ አቋም እየጠነከረ መጥቷል፦ የሥራ ጉዞ ሁልጊዜ አጥሮ ነው የሚቆጠረው። ቲኬቱ ሰኞ መሄድ ሐሙስ መመለስ ይላል፣ አለቃም ቤተሰብም ተጓዡም አራት ቀን ብለው ይይዙታል፣ ከዛ በፊትና ከዛ በኋላ የሚሄደውን ጊዜ ግን ማንም አይጽፈውም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር፣ ምክንያቱም ጥሩው ትንሽ አይደለም፣ ባይኖር ኖሮ ይሄን ሥራ ድሮ ትቼው ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ አቅራቢ ጋር በኢሜይል ስንጨቃጨቅ ከረምን፣ የላኩልን ዕቃ ልኩ አልገጥም አለን፣ እነሱ በትክክል ለክተን ነው የላክነው ይላሉ፣ እኛ ጎድሏል እንላለን፣ ኢሜይሉ ላይ የሚገለበጥለት ሰው እየበዛ ቋንቋውም እየደረቀ ሄደ። ሄድኩ። የፋብሪካው ኢንጂነር ስብሰባውን ትቶ በቀጥታ ማሽኖቹ ጋ ወሰደኝ፣ እና እዛ ቆመን ስናይ ሠራተኛው ዕቃውን ከማሽን እንደወጣ ትኩስ እያለ ይለካዋል! ብረት ሲሞቅ ይሰፋል አይደል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው። ልኬት የሚወሰድበት መደበኛ ሙቀት በዓለም አቀፍ ደረጃ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ኢንጂነሩም ያውቀዋል እኛም እናውቀዋለን፣ ግን ማንም ኢሜይል ላይ "ስንት ሰዓት አስቀምጣችሁ ነው የምትለኩት" ብሎ አልጠየቀም። ነገሩ እዛው ቆመን አለቀ። ከዛ በኋላ ከዚህ ሰውዬ ጋር ችግር ሲመጣ ስልክ ብቻ ነው የምንደዋወለው፣ ስለማውቀው፣ ስለሚያውቀኝ።

ይሄን የትኛውም ቪዲዮ ኮል አይሰጥህም። ካሜራው ሊያሳዩህ የፈለጉትን ነው የሚያሳይህ፣ ራስህ ስትሄድ ግን መጋዘኑ እንዴት እንደተደረደረ፣ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ፎርማኑ ጥያቄ ስትጠይቀው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ። ለኔ የጉዞው ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው፣ አየር መንገዱ ለደንበኛው ከሚሰጠው ነጥብ ከማይልም፣ ኤርፖርት ውስጥ ካለው ማረፊያ ከላውንጅም በላይ። (ማይል መሰብሰብ የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፣ አልቃወማቸውም፣ ግን ብዙዎቹ አየር መንገዶች አሁን ነጥቡን የሚሰጡት በበረርከው ርቀት ሳይሆን በከፈልከው ብር ስለሆነ የድሮው ጣዕም ቀንሷል።)

ወደ ሰውነት ስንመጣ። ጄት ላግን፣ ማለትም የሰዓት ልዩነት ያለበት አገር ስትበር የሚመጣውን መዛባት፣ ብዙ ሰው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ይመስለዋል። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው፣ ሴል ውስጥ ድረስ የሚሠራ፣ አሠራሩን የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። የዚህ ሰዓት አንድ ዙር በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቀን ሲረዝምበት ይቀለዋል፣ ሲያጥርበት ግን ይቸገራል። ወደ ምዕራብ ስትበር ቀንህ ይረዝማል፣ ወደ ምስራቅ ስትበር ያጥራል፣ ለዛ ነው ወደ ምስራቅ የሚደረግ ጉዞ እንደዛ የሚያደቅህ። በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያስፈልጋል፣ እንግዲህ አስበው፣ ስምንት ሰዓት ልዩነት ያለበት አገር ለአራት ቀን የሄደ ሰው ሰውነቱ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው እሱ ተመልሶ የሚሳፈረው፣ ከዛ ደሞ የለመደውን ያህል እንደገና ወደኋላ።

እና የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው፣ ትልልቅ ውሳኔ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በደረስክበት ቀን ነው። ጠዋት ታርፋለህ፣ ሆቴል ገብተህ ፊትህን ትታጠብና ሸሚዝ ትቀይራለህ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውል ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፣ ላንተ አእምሮ ግን ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። አገሩ ላይ ያለው ተደራዳሪ ግን ቤቱ ተኝቶ፣ ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው። ማንም ኩባንያ ሠራተኛውን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሶ ና ፈርም አይለውም፣ አውሮፕላን ሲጨመርበት ግን ይላል። አንድ ሌሊት ሆቴል ማሳደር ከአንድ የተበላሸ ውል ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም፣ ይሄን ለመሥሪያ ቤቴ ደጋግሜ ተናግሬ አሁን በደረስንበት ቀን ፊርማ አናስቀምጥም፣ ጉብኝት ወይ ትውውቅ ብቻ ነው የሚያዘው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ራሷ ሌላ ጉዳይ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰው አዲስ ቦታ ሲያድር በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎሉ አንዱ ጎን ከሌላው ባነሰ ጥልቀት ነው የሚተኛው፣ ለድምፅ ንቁ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንሶላው ምንም ያህል ንጹህ ይሁን ክፍሉ ምንም ያህል ጸጥ ይበል የመጀመሪያዋ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አትሰጥህም። እዛ ላይ የአውሮፕላኑን ድካም ጨምርበት፣ ካቢኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመሆን ነው፣ የአየሩ እርጥበትም ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ጉሮሮና ዓይን የሚደርቀው በሱ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደሞ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን እጥፍ እንደሚያደርገው የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፣ አደጋው በጥቅሉ ዝቅተኛ ነው፣ ከ6000 ሰው አንድ ገደማ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ለሚበር ሰው ተነስቶ መራመድ ቀላል ነገር ነው፣ እኔ ለዛ ብዬ ሁሌ መተላለፊያው ጋ ያለውን ወንበር ነው የምይዘው።

ከተማርኳቸው ሁሉ በጣም የጠቀመኝን ልንገራችሁ፣ ብርሃን ነው። ብዙ ሰው "እንደደረስክ ፀሐይ ይምታህ" ይልሃል፣ ግን የትኛዋን ፀሐይ የሚለው ለውጥ አለው። ሰውነት በጣም የሚቀዘቅዝባት ሰዓት አለች፣ ከተለመደው መንቂያህ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብላ፣ ከሷ በፊት ያየኸው ብርሃን የሰውነትህን ሰዓት ወደኋላ ይገፋዋል፣ ከሷ በኋላ ያየኸው ወደፊት ያመጣዋል። ቤትህ 12 ሰዓት የምትነሳ ከሆነና ወደ ምስራቅ ስምንት ሰዓት ልዩነት ከሄድክ ያቺ ሰዓት እዛ አገር ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ትውላለች፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት መነጽር አድርገህ ጥላ ጥላውን ትሄዳለህ፣ ከቀትር በኋላ ነው ወጥተህ የምትራመደው፣ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ወደ ጠዋት ታመጣዋለህ። ሁለት ቀን ብቻ የምቆይ ከሆነ ግን ጭራሽ ለመላመድ አልሞክርም፣ ስብሰባው ቤቴ ቀን ወደሆነበት ሰዓት እንዲጠጋ አስደርጌ በራሴ ሰዓት እቆያለሁ።

ቪዛ የሚጠየቅበት ፓስፖርት የያዘ ሰው ደሞ ሌላ የማይቆጠር ጊዜ አለው። "ፓስፖርቴ ኤምባሲ ነው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት አላውቅም፣ አንዱ አገር ፓስፖርትህን ይዞ ሳለ ሌላው አገር ያለው ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት ና ይልሃል፣ አትችልም። አንዳንድ አገሮች ለዚሁ ብለው ቶሎ ቶሎ ለሚጓዝ ዜጋቸው ሁለተኛ ፓስፖርት ይሰጣሉ፣ ሁሉም ቢያደርገው ብዬ እመኛለሁ። ከኤርፖርት ሳትወጣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ ዜጎችም አሉ፣ ቲኬቱን የሚቆርጠው የኩባንያው ሰው ይሄን ካላወቀ ርካሹን መንገድ መርጦ ቼክ ኢን ላይ ያስቀርሃል። ብዙ አገር ፓስፖርቱ ገና ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይፈልጋል፣ ባዶ ገጽም ይፈልጋል። ሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የሚመላለስ ሰው ደሞ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ የገባበትም የወጣበትም ቀን ይቆጠራል፣ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ መግቢያና መውጫው በጣት አሻራና በፊት ምስል ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ስለጀመረ በማኅተም ቆጥሮ መገመት እየቀረ መጥቷል። አጭር ጉዞ የሚደጋግም ሰው ሳያስበው እዛ ቁጥር ጋ ይደርሳል።

ቅዳሜና እሁድም አብሮ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ካለ እሁድ መብረር ነው፣ ሳውዲ ወይ ኩዌት ከሆነ ደሞ የእረፍት ቀናቸው ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ እሁድ ሥራ ይጀምራሉ፣ አንተ ቅዳሜ ትነሳለህ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ቅዳሜና እሁድ ሲያዞረው ብዙ ተጓዥ እፎይ ብሏል። ይሄ ሁሉ ግን ወጪ ተብሎ የትም አይጻፍም፣ የሚከፍለው ቤት ያለው ሰው ነው። ልጄ የሚተኛበት ሰዓት እኔ ስብሰባ መሀል ከምሆንበት ሰዓት ጋር ሲገጥም በቃ የዛን ቀን አንነጋገርም፣ ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ከባለቤቴ ጋር ሆነን የሁለቱንም አገር ሰዓት ጎን ለጎን ጽፈን የምንደዋወልበትን እንቆርጣለን፣ ደንበኞቼም ያቺን ሰዓት እንደ ስብሰባ ነው የሚያዩዋት፣ ካሌንደሬ ላይ ስላለች።

የመመለሻው ቀን ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። ቤት ገብተሃል፣ ሁሉም ናፍቆሃል፣ አንተም ናፍቀሃቸዋል፣ ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ራት እየበላህ ዓይንህ ይከደናል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻህን ትነቃለህ፣ እና ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ነው። ሚስቴ አንዴ "መጥተህ እኮ ገና አልመጣህም" አለችኝ፣ በቁጣ አልነበረም፣ እንዲሁ ያየችውን ነው ያለችው፣ እና ልክ ነበረች። በማግስቱ ቢሮ ግባ የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ፣ የተመለስክበት ማግስት የጉዞው ቀን ነው፣ እንደ እረፍት መታየት የለበትም፣ ከዓመት ፈቃድም መቆረጥ የለበትም።

ጉዞ ያለበት ሥራ ልትቀበሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ደሞዙን ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፣ ተጽፎም ይሰጣችሁ፦ እሁድ ከበረርኩ የሚተካልኝ ቀን አለ ወይ፣ ረጅም በረራ ከሆነ ስብሰባው በማግስቱ ነው ወይስ እንደደረስኩ፣ ከተመለስኩ በኋላ ቢሮ ሳልገባ ስንት ቀን ይሰጠኛል፣ ቪዛው ቢዘገይ ወይ ቢከለከል እንደኔ ጥፋት ይቆጠራል ወይ፣ ሻንጣ ቢጠፋ ልብስ የሚገዛው ማነው። (ሻንጣ ከጠፋ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አስመዝግቡና ወረቀቱን ተቀበሉ፣ የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኞችን መብት በሚወስነው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከመጣ ከተረከባችሁ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ።) እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ መሥሪያ ቤት ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፣ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እስቲ እንነጋገርበት" የሚላችሁ ካገኛችሁ ግን ሂዱ፣ ሂዱና ፋብሪካዎቹን እዩ፣ ሰዎቹን ተዋወቁ።