ለወፎች ውሃ ስታስቀምጡ

ሐዋሳ በበጋ ግቢ ውስጥ ለወፍ ውሃ ማስቀመጥ ደግ ነው፤ ጥልቅ ሳፋ ግን ያሰጥማል። ከአበባ ሸክላ ሥር የሚደረገው ሰፊ ሳህን ይበቃል፤ ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትት ሸክላው ይሻላል። ውሃው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ አስቀምጡ። ድመት ካለ (የማን ሰፈር የለም?) ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል አርቁት፤ ተደብቃ የምትዘለው ከዚያ ነው።

በየ2 ቀኑ ድፉትና ሳህኑን ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈትጉት። ውሃው ከሰነበተ የትንኝ እጭ ያፈራል፤ በሞቃት አየር ደግሞ በሳምንት ገደማ ትንኝ ሆኖ ይበራል። የተደፋውን አትክልት ይጠጣው።

የልብስ እጣቢ ግን ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ አይሂድ። ሐይቃችን በወንዝ የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ የገባው ቆሻሻ እዚያው ይጠራቀማል።