ምጣዱ ምን አደረገ?

የቤት ጥገና ሥራዬ ደሴ ላይ ቀስ በቀስ እግር እያወጣ ነው። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው «ይሄን ልጅ ጥሩት» እያለ ደንበኛ ይልክልኝ ጀምሯል። በዚህ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ ትንሽ ጉራ ቢኖርበት እለፉኝ።

አጀማመሩ ብዙ ወሬ የለውም። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተማርኩ። ሕንጻ ላይ ሽቦ ስጎትት ቆየሁ። ከዚያ ቲን ቁጥርና ፈቃድ አውጥቼ ስልኬን በየሱቁ በተንኩ። ዕቃዬ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትርና የተዋስኩት መሰላል ነበር። ድሪል ቶሎ አትግዙ። ድሪል የያዘ ሰው ግድግዳ ባየ ቁጥር መብሳት ያምረዋል።

የቧንቧም ሥራ እሠራለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙው ጥሪ ሮቶ ነው። ውሃው ጠፍቶ ሲመጣ ደለሉን ይዞ ይመጣል። አሸዋው ተንሳፋፊዋ መዝጊያ ላይ ይቀረቀርና ሮቶው ሲፈስ ያድራል። ከፍቶ ማጠብ ነው፣ አለቀ። ሌላው «ሻወሩ አይሞቅም» የሚለው ነው። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው። ብዙ ፈጣን ማሞቂያ በዚህ ግፊት አይነሳም። ማሞቂያውን ከመፍታታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሮቶውን እዩት።

አሁን ወደ ምጣድ። ስልኬ በጠዋት ከጮኸ ምጣድ ነው ብዬ ነው የማነሳው።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓይን ማውጣት እምቢ ብሏል፤ ምጣዱን ቀይርልኝ» አሉ። መጀመሪያ ሊጡን ጠርጥረዋል፣ ቀጥሎ ጤፉን፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱን። ሶኬቱ ተቀይሯል፤ አዲሱም ጠቁሯል።

ምጣዱን ነቅዬ ለካሁት። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ሲለካ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) 14 ኦም አካባቢ መነበብ አለበት። ተነበበ። ምጣዱ ምንም አልሆነም።

ሶኬቱ ላይ 216 ቮልት አለ። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ «መብራቱ ደህና ነው» ብለው ይነሳሉ። ባዶ ሶኬት ላይ የተነበበ ቮልት ግን ስለ ሽቦው ምንም አይናገርም። ምጣዱን ሰክቼ ሲሞቅ ደግሜ ለካሁ፤ 195። እንደበራ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ፤ 213። 18 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ማድ ቤቱ እንደ ብዙው የደሴ ግቢ ከዋናው ቤት ለብቻው ነው። ወደዚያ የሄደው ሽቦ 1.5 ካሬ (ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ ርዝመቱም ወደ 20 ሜትር ነው። ሽቦው ብቻውን በ14 አምፔር 7 ቮልት ያህል ይበላል። የቀረው 11 ቮልት የት ገባ? ሽቦው ወደ ማድ ቤት በሚሻገርበት ቦታ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ፕላስተር የተጠቀለለ እብጠት አየሁ። መብራቱን አጥፍቼ ስፈታው ፕላስተሩ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ውስጡ ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ተጠማዟል፣ በቃ። መዳቡ ጠቁሯል። ልባሱ አንድ ስንዝር ያህል ደርቆ ስነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ። 11 ቮልት በ14 አምፔር ሲባዛ ከ150 ዋት በላይ ሙቀት ነው፤ ያውም ከደረቀ የጣሪያ እንጨት አጠገብ። እኔ የደነገጥኩት ለእንጀራው አይደለም።

እንጀራውም ቢሆን ከዚሁ የመጣ ነው። በ195 ቮልት 3500 ዋቱ ወደ 2750 ይወርዳል። ሊጥ ሲፈስበት ምጣዱ ይበርዳል፤ መልሶ ለመጋል ደግሞ አቅም የለውም። ዓይኑ ከየት ይምጣ?

ከማከፋፈያው እስከ ማድ ቤት አንድ ወጥ ባለ 4 ካሬ ሽቦ ዘረጋሁ። የራሱን ባለ 20 አምፔር ብሬከር ሰጠሁት። ምጣዱ እንደበራ ሶኬቱ ላይ 210 ሆነ። እናትየው የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥተው «እሰይ፣ ዓይኑን እይልኝ!» አሉ። ፕላስተር ለመሸፈኛ እንጂ ለማጋጠሚያ አልተሠራም። የግድ መቀጠል ካለባችሁ ሞርሴቶ (ሽቦን በብሎን የሚያጋጥም ማያያዣ) ግዙ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ሳጥን ውስጥ ክተቱት። በዚህ ነገር አልደራደርም።

በገንዘብ በኩል ምክሬ የተዘበራረቀ ነው። ፍለጋው ግማሽ ቀን በላ፤ መዘርጋቱ ቶሎ አለቀ። ሰው ግን የሚከፍለው ላየው ሽቦ ነው። ስለዚህ አሁን ስልክ ላይ እያለሁ «መፈተሻ ይሄን ያህል ነው፤ ባልሠራውም ይከፈላል» እላለሁ። አንዳንዱ ይዘጋብኛል። ይዝጋ። አክስቴ ስትደውል ግን ይሄ ሁሉ ወኔ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ የዕቃውንም ከኪሴ ከፍዬ፣ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለአንድ ሶኬት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ አትሂዱ እላለሁ፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትርፉን ትራንስፖርት ይበላዋል። ሥራ አጠራቅማችሁ ውረዱ። እኔ ራሴ ግን ደሴ ጉም ሲለብስ ለአንድ አምፖልም እወርዳለሁ፤ ፀሐይ ፍለጋ።

ያልተፈታልኝ የመሬት ሽቦ ነው። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ እርጥበት ሲይዝ ከሽቦው ጠምዛዛ ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ያሾልካል፣ ጋጋሪዋን ይነዝራታል። የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድ ሠርቼ አላስረክብም ብዬ ወስኛለሁ። ችግሩ ሽቦው የሚታሰርበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የመዳብ ዘንግ ነው። ቶሳ ተራራ ሥር ያሉ ሰፈሮች ውስጥ ከጉልበት ሳያልፍ ድንጋይ ይገጥመዋል። እኚህ እናት ቤት የዕቃ እጣቢ የሚፈስበት እርጥብ ጥግ አግኝቼ እዚያ ገባልኝ። ሌላ ግቢ ግን አልገባ ሲለኝ ቦይ ቆፍሬ መዳቡን በአግድም ቀበርኩት። በቂ ይሁን አይሁን በመልቲሜትር አይታወቅም፤ የመሬት ሽቦን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ ለኔ አቅም ውድ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ምሳ በኔ።